ዘር ብቻ አይደለም፣ ዱላም አለበት
(በካርቱም ለኖሩ ስደተኛ ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። አንድ ልጅ ጓደኛውን ሲፈነክት ብዙዎቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። አባቱም ቁጡ ነበር፣ አያቱም ሰው ገድሏል እያልን ገና ሳያድግ እንፈርድበታለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ቅጣት አንሶት ነው» ብለን ዱላ እንጨምርበታለን። እውነቱ የትኛው ነው?

እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ አንድ የሆላንድ ቤተሰብ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከቤተሰቡ ወንዶች በርከት ያሉት በድንገት እየተቆጡ ሰው ይጎዱ ነበር። በእነዚህ ወንዶች ላይ ኤምኤኦኤ የሚባለው ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የውርስ መመሪያ ነው። ይህኛው ጂን እንደ ሴሮቶኒን ያሉትን የአንጎል መልእክት አድራሾች የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያሠራል። ጨርሶ መበላሸቱ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሥራው ደከም ያለ ጂን ያላቸው ሰዎች ግን በየአገሩ ብዙ ናቸው።

በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1 ሺህ በላይ ልጆች እስከ ጉልምስና ድረስ ክትትል ተደረገላቸው። ውጤቱ በ2002 ታተመ። ጂናቸው ደከም ያለ ወንዶች በልጅነታቸው ካልተንገላቱ ከሌላው የበለጠ ጠበኛ አልሆኑም። ደከም ያለ ጂን ኖሯቸው በልጅነታቸው የተንገላቱት ግን ከወንዶቹ 12 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በኃይል ወንጀል ከተሰጡት የጥፋተኝነት ፍርዶች 44 በመቶው የእነርሱ ነበር። ኋላ በተደረጉ ጥናቶች አንዳንዶቹ ይህንኑ ሲያገኙ ሌሎቹ አላገኙም። ስለዚህ ማንም ሰው ጂኑ ታይቶ «ይህ ወንጀለኛ ይሆናል» ሊባል አይችልም።

ወገኖቻችን፣ ጂን እንደ ደረቅ ጭድ ነው፤ ክብሪት ካልጫሩበት በራሱ አይነድም። ጭዱን መለወጥ አንችልም። ክብሪቱ ግን በእጃችን ነው።

በካርቱም በጅሬፍና በዴም ስንኖር ኑሯችን ምን ይመስል እንደነበር እናውቃለን። አባት በከሻ ተይዞ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ይወጣል። እናት ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሻይ ስትሸጥ ትውላለች። ንዴቱ ማታ በልጅ ላይ ይወርዳል። በቀበቶ የገረፍን፣ በበርበሬ ያጠንን፣ «አንተ የማትረባ» ያልን አለን። በ2023 ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ ልጆቻችን ጥይት ሰሙ፣ እንደገና ተሰደዱ። በዚህ ላይ የእኛ ዱላ ሲጨመር ልጁ የሚሸሽበት ቦታ ያጣል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። ለአስተማሪ ያልተፈቀደው ለእኛ ለወላጆች እንዴት ይፈቀዳል?

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ስንናደድ ልጁን ለጎረቤት ትተን ከቤት እንውጣ፤ ስንበርድ እንመለስ። ጥፋቱን በቃል እንንገረው፣ ጨዋታውን እንከልክለው እንጂ አንምታው። «የነፍሰ ገዳይ ዘር» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። የጎረቤት ልጅ ሲደበደብ ከሰማንም ዝም አንበል፤ በሽማግሌ እናስመክር።

ተገርፈን ያደግን ብዙዎች ነን፤ እኛው ላይ ይብቃ።