ጣት ላይ የሚነበበው ቁጥር



የሳንባ ሕመም የጸናበት ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል ብለን ማሰብ ለምደናል። ኮቪድ-19 ግን ሌላ ነገር አሳየን። አንዳንድ ታማሚዎች ተቀምጠው እየተጨዋወቱ፣ «ደህና ነኝ» እያሉ፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዛሬ የምናገረው ይህን ድብቅ አደጋ ያለ መርፌ ስለሚያመለክተው፣ ጣት ላይ ስለሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ነው።

የመሣሪያውን መሠረታዊ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረጉት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ናቸው። መሣሪያው በጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው በዓይን የማይታይ ነው። ኦክሲጅን የያዘ ደም አብዛኛውን ቀይ ብርሃን ሲያሳልፍ፣ ኦክሲጅን ያነሰው ደም ግን በብዛት ያስቀረዋል። መሣሪያው በእያንዳንዱ የልብ ምት የሚታየውን ልዩነት አስልቶ ውጤቱን በመቶኛ ያሳያል።

ስትለኩ ጥፍሩ ቀለም ያልተቀባ ጣት ምረጡ። እጃችሁ ቀዝቅዞ ከሆነ አሙቁት። ለጥቂት ደቂቃዎች ዐርፋችሁ፣ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ውጤቱ ከ94 በመቶ በታች ከሆነ የጤና ባለሙያ አማክሩ፤ ከ90 በታች ከወረደ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በደጋ አካባቢ የሚኖር ጤነኛ ሰው ልኬት ከቆላው ነዋሪ በጥቂቱ ሊያንስ ስለሚችል፣ የየዕለቱን ውጤት መዝግቡ፤ ከቀን ወደ ቀን እየወረደ መሄዱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

አጥብቄ የማሳስባችሁ ግን የሚከተለውን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው የኦክሲጅን እጥረትን ሳያሳይ የማለፉ ዕድል በጥቁር ታማሚዎች ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አመልክቷል። የቆዳ ቀለም የብርሃኑን ልኬት ስለሚነካ፣ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። ይህ እኛንም ይመለከተናል።

ስለዚህ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት ወይም የከንፈርና የምላስ መጥቆር ከታየ፣ መሣሪያው 96 ቢያሳይም እቤት አትቆዩ። መሣሪያው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ፈጥናችሁ ሂዱ።