የእንግሊዝኛ ትምህርት ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚቀርብበት ዘዴ



እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፊዚክሱም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለሆነም ማየት የተሳነው ሕፃን በታችኛው ክፍል የእንግሊዝኛው ትምህርት ከተጓደለበት፣ ጉድለቱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በሌላው ትምህርት ሁሉ ላይ ይደርሳል። ይህን ጉድለት ለማስቀረት የመምህሩ ትጋት ብቻ አይበቃም፤ የመሣሪያና የአሠራር ጥያቄም አለበት። ጉዳዩ በመሐንዲሶች ፊት እንዲነሣ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

የጀማሪዎች የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በአመዛኙ ለዓይን የተሰናዳ ነው። «ሥዕሉን ተመልክታችሁ መልሱ» የሚለው ትእዛዝ በየገጹ ይገኛል። በዚህን ጊዜ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ይደረጋል፤ በፈተናም የሥዕሉ ጥያቄ ይቀርለታል። ነገሩ ርኅራኄ ይምሰል እንጂ ሥዕሉ ሊያስተምር የታሰበው ቁም ነገር ሳይማሩት ያልፋል። ስለዚህ መምህሩ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሥዕሉ የገባው ምንን ለማስተማር ነው የሚለውን ነው። «ኦን»፣ «ኢን» እና «አንደር» የሚባሉትን ቃላት ለማስተማር ከሆነ፣ አንድ ኩባያና አንድ ካርቶን ይበቃሉ። ተማሪው ኩባያውን በካርቶኑ ላይ፣ በውስጡና በሥሩ በገዛ እጁ እያስቀመጠ ቃሉን ይናገራል። ከጎኑ የተቀመጡት የሚያዩ ልጆችም አብረው ይጠቀማሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጽሕፈቱ ነው። ሉዊ ብሬይል የተባለው ፈረንሳዊ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ዓ.ም. ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተውን ጽሕፈት አዘጋጀ። ከስድስቱ ነጥቦች 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይገኛሉ። በአማርኛው ብሬል ተነባቢው ፊደል ይቀድምና የአናባቢው ምልክት ይከተለዋል። የእንግሊዝኛው ብሬል ግን ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። አንደኛው ቃሉን ፊደል በፊደል የሚጽፍ ነው፤ ሁለተኛው አጭር ጽሕፈት ነው። በአጭሩ ጽሕፈት «ኬ» የተባለችው ፊደል ለብቻዋ ስትቆም «ኖውሌጅ»፣ «ፒ» ደግሞ «ፒፕል» ተብላ ትነበባለች። ይህ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ወረቀትና ጊዜ ይቆጥባል። ቃሉን ገና ለሚተዋወቅ ሕፃን ግን የቃሉን ፊደላት ይሸሽግበታል። ስለዚህ አዲስ ቃል በመጀመሪያ በሙሉ ፊደሉ ተጽፎ ሊቀርብ፣ ተማሪው ፊደላቱን በቃሉ ሲያውቅ ወደ አጭሩ ሊሸጋገር ይገባል።

ሦስተኛው የመሣሪያና የጊዜ ነገር ነው። በስሌትና በስታይለስ የሚጽፍ ተማሪ ነጥቦቹን ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይጽፋል፤ የሚያነበው ግን ወረቀቱን አውጥቶና ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። የጻፈውን ለማረም በፈለገ ቁጥር ሥራውን ማቋረጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. መመረት የጀመረው የፐርኪንስ መኪና በስድስት ቁልፎቹ ይህን ችግር አቃልሏል፤ የተጻፈው ወዲያው በጣት ይነበባል። መኪናው በሌለበት ክፍል ግን ለቃል ጽሕፈትና ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ መስጠት የመሣሪያውን መዘግየት ማካካሻ ስለሆነ እንደ አድልዎ ሊቆጠር አይገባም።

በዛሬው ጊዜ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ስልኮች መገኘታቸው ትልቅ እርዳታ ነው። ሆኖም ጆሮ ብቻውን የእንግሊዝኛን አጻጻፍ አያስተምርም። «ራይት» የሚለው ድምፅ «መጻፍ»ም «ትክክል»ም ማለት ነው፤ የሁለቱ ፊደላት ግን ይለያያሉ። ልዩነቱን ማየት ለተሳነው ተማሪ የሚያሳውቀው ጣቱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ24ኛው አንቀጹ ብሬልን መማር እንዲመቻች ያዝዛል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ መንገድ ቀያሽ ገደል ሲያጋጥመው መሥመሩን ያዞራል ወይም ድልድይ ይሠራል እንጂ ከገደሉ ማዶ ያለው ከተማ አያስፈልግም አይልም። በትምህርትም እንዲሁ ነው፤ የማስተማሪያው ዘዴ ይለወጣል፣ ተማሪው ሊደርስበት የሚገባው የዕውቀት ደረጃ ግን ዝቅ አይልም። ለዚህም ከባለሙያው የሚጠበቀው ሥራ ቅርብ ነው። የተበላሸ የብሬል መኪና መጠገን፣ ካርታና ንድፍ በሲባጎና በሙጫ በጣት እንዲዳሰስ አድርጎ መሥራት፣ ለጠፋ መለዋወጫ ምትክ መቅረጽ ከማንኛውም ወርክሾፕ ዐቅም በላይ አይደለም። የተሠራው ዕቃም ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በዓይነ ስውር መምህርና በተማሪዎቹ እጅ ይፈተን፤ የሥራው ትክክለኛ መርማሪዎች እነርሱ ናቸውና።