የጦር ሐኪሞቻችንን እንፈልግ



ዛሬ እዚህ ስቶቭነር ስለ ጦር ሐኪሞች የማነሣው በምክንያት ነው። የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን በኮሪያ ሲዘምቱ ኖርዌይ የላከችው ተዋጊ ጦር ሳይሆን የመስክ ሆስፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1954 ድረስ 623 ኖርዌጃውያን እየተፈራረቁ አገለገሉ፤ ሲቪሉን ኮሪያዊ ጨምሮ ከ90,000 በላይ ሕሙማንን አከሙ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ቀዶ ሕክምናውን ወደ ቁስለኛው አቀረቡት።

እኔም በነርስነቴ የማውቀው ይህንኑ ነው። ደም የሚፈሰው ሰው ሩቅ ሆስፒታል እስኪደርስ ጊዜ የለውም። ወልዳ ደም የሚፈሳት እናትም እንዲሁ።

ይህን ሙያ የሚያውቁ በአገራችንም አሉ። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ሐኪሞቹና ድሬሰሮቹም አብረው ተበተኑ። አንዳንዱ ክሊኒክ ከፈተ፤ አንዳንዱ ሙያውን እንደያዘ ቤቱ ተቀመጠ። ዛሬ አርጅተዋል። ሙያው ካልተላለፈ አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ ለዘንድሮው ዕቅድ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከግንባታው በጀት ጥቂቱን ለሥልጠና እናውል። ከወረዳችን ጡረታ የወጡትን የሠራዊት የጤና ባለሙያዎች እንፈልግ፤ አበል እየከፈልናቸው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ደም ማቆምንና ቁስለኛ ማንሣትን ያስተምሩልን። ሕክምናው ከእነሱ ዘመን ወዲህ ስለተለወጠ ጤና ጣቢያው አዲሱን መመሪያ ይጨምርበት።

የምታውቁት የጦር ሐኪም ወይም ድሬሰር ካለ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ዛሬ ሳትሄዱ ለኮሚቴው ንገሩ። የጤና ኬላው አጥር አንድ ዓመት ቢቆይ ይችላል፤ የሚፈስ ደም ግን አይጠብቅም።