ካገኙ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ



ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የተመኘውን ሁሉ ያገኘ ሰው ልቡ ስለ ምን አያርፍም?

ሊዮ ቶልስቶይ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ «ጦርነትና ሰላም»ን እና «አና ካሬኒና»ን ጽፎ ስሙ ገንኖ ነበር። ርስት፣ ጤናና ቤተሰብም አልጎደለውም። ሆኖም «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ እንደተረከው፣ ራሱን እንዳያጠፋ ሰግቶ ገመድ ከፊቱ እስከ መሸሸግ፣ ጠመንጃ ይዞ ለአደን መውጣትንም እስከ መተው ደርሶ ነበር። ያስጨነቀው ማጣት አልነበረም፤ ያ ሁሉ ማግኘት ለምን እንደሆነ ራሱን ሲጠይቅ መልስ ማጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማንና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ 22 የሎተሪ ባለዕድሎችን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽረው ጥናት አሳተሙ። የተጠያቂዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ውጤቱ ያስተምራል። ባለዕድሎቹ ከሌሎቹ በጉልህ የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም፤ ከወዳጅ ጋር መጨዋወትን፣ ቁርስ መብላትን ከመሳሰሉ የዕለት ተዕለት ነገሮች የሚያገኙት ደስታም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ዓይን ብርሃንን እንደሚለምድ ልብም ማግኘትን ይለምዳል። ትናንት የተመኘነው ዛሬ በእጃችን ሲገባ መለኪያችን ይሆናል፤ መለኪያ ደግሞ አያስደስትም።

ይህን የተማርሁት ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። የዶክትሬት ጽሑፌን ለመጨረስ ስል አራት ዓመት አገሬ ቤተሰቤን ሳልጠይቅ ቆየሁ። ማለፌን የሰማሁ ዕለት ለእናቴ ደወልሁ። እልል ብላ መርቃኝ ስታበቃ፣ «እንግዲህ ትመጣለህ?» አለችኝ። እኔ ግን ገና በዚያው ምሽት ቀጣዩን የማዕረግ ዕድገት አሰላ ነበርና፣ «አንድ ጽሑፍ ላሳትምና እመጣለሁ፣ እማዬ» አልኋት። በዓመቱ የሄድሁት ለለቅሶዋ ነው። ጽሑፉ ታትሟል፤ ማዕረጉንም አግኝቻለሁ።

ስኬትን ናቁ አልልም። እንጀራ፣ ሕክምናና መጠለያ የጎደለው ሰው ኑሮው ሲቃና እፎይ ማለቱ እውነት ነው። ስሕተታችን ስኬት ሊሰጠን የማይችለውን ዕረፍት ከእርሱ መጠበቃችን፣ እስኪሰጠንም ድረስ ሌላውን ሁሉ በይደር ማቆየታችን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ምረቃችሁን በጉጉት ጠብቁ። ነገር ግን «እስከዚያ ይቆይ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ዛሬ ማታ ቁጠሩት። ከመካከሉ የማይጠብቃችሁ አለ።