ፍርሃትን በጋራ መተረክ፦ የቡሬ መንገድ ጨዋታ ትዝታ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ለሦስት ዓመት ያህል፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ አመሻሽ፣ መቱ ከተማ ውስጥ አምስት ባልደረቦቼን ሰብስቤ አስፈሪ ታሪክ በጋራ ስንተርክ ቆይተናል። አጫዋቹ እኔ ነበርሁ።

አካሄዱን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አጫዋቹ ሁኔታውን ይተርካል፤ ተጫዋቹም ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። የዚህ ጨዋታ ዘር እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ከታተመው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ይመዘዛል። እኛ የያዝነው ሕግ ግን በ1981 ኬኦሲየም ያሳተመው፣ ሳንዲ ፒተርሰን የደረሰው «ኮል ኦፍ ክቱሉ» ነው። በዚህ ጨዋታ ገጸ ባሕርይው የአእምሮ ጽናቱ የሚለካበት ነጥብ አለው። የሚዘገንን ነገር ሲያይ ነጥቡ ሊቀንስ ይችላል፤ ስለ ምሥጢሩ ይበልጥ ባወቀ ቁጥርም የነጥቡ ጣሪያ ዝቅ ይላል። ማወቅ ያስከፍላል።

መጽሐፉ ታሪኩን በአብዛኛው የሚያኖረው በ1920ዎቹ አሜሪካ ነው። እኔ ዘመኑን ተቀብዬ ቦታውን ወደ ቡሬ አመጣሁት፤ ወደ ጎጃሙ ሳይሆን ወደ ኢሉባቦሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ለጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከፈቀዱ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ በቡሬ በኩል ወደ ባሮ ይወርድ ነበር። መርከብ የሚደርሰውም ወንዙ በክረምት ሲሞላ ነው። ጭጋግ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ቁልቁለትና የማይጠብቅ መርከብ፤ አስፈሪ ታሪክ ከዚህ በላይ ምን ይሻል? ገጸ ባሕርያቱ ሲራራ ነጋዴ፣ የኬላ ጸሐፊ፣ በቅሎ ጫኝ፣ አስተርጓሚና ጠላ ሻጭ ነበሩ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ከለከልሁ፤ ቡዳ በታሪካችን አይገባም አልሁ። ይህ ስም በአገራችን በሸክላ ሠሪው፣ በቀጥቃጩና በፋቂው ላይ ሲለጠፍ ኖሯል፤ ከጋብቻና ከማዕድም አርቋቸዋል። ለጨዋታ ብለን ብናስገባው፣ ከጠረጴዛው ስንነሣ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ የምናይበት ዓይን አብሮን ይነሣል። የምንፈጥረው ፍርሃት በሕይወት ባለ ጎረቤት ላይ ማረፍ የለበትም።

ታዲያ ምን እንፍራ? በመጀመሪያው ዓመት ከደኑ የሚወጣ ስም የለሽ ፍጡር አመጣሁ። አንድ ምሽት አስፈራ። በሁለተኛው ምሽት ተጫዋቾቹ እንዴት እንደሚገደል ያሰሉ ጀመር። ጭራቅ ከለመዱት የሂሳብ ጥያቄ ይሆናል።

የማይለመደውን ፍርሃት የሰጠን ራሱ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1924ም ስለ ባርነት አዋጅ ወጣ። የሰው ንግድ ግን በደቡብ ምዕራቡ አገር አልቆመም ነበር። በጨዋታችን ገጸ ባሕርያቱ ዓመት ሙሉ ደመወዛቸውን ከአንድ ደግ የቡና ነጋዴ ይቀበሉ ነበር። አንድ ቀን የኬላው ጸሐፊ መዝገቡን ሲያገላብጥ በሌሊት ያለፈ፣ ቁጥሩ እንጂ ሚዛኑ ያልተጻፈ ጭነት አገኘ። ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሱ ነበር። ጸሐፊውን የያዘችው ባልደረባዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም እስከዚያ በአማርኛ ስትጫወት የቆየችው በኦሮምኛ መናገር ጀመረች። ያን ምሽት ነጥብ ቀንሺ አላልኋትም፤ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ነው የረጅም ታሪክ ኃይል። ያ መዝገብ በመጀመሪያው ሳምንት ቢገኝ ኖሮ ተራ መረጃ በሆነ ነበር። ያስፈራው ከስብሰባዎቻችን ግማሽ ያህሉ ምንም የሚያስፈራ ነገር ስላልነበረባቸው ነው፤ በቡና ዋጋ ተከራክረናል፣ በቅሎ አክመናል፣ በነጋዴው ቤት በልተናል። ፍርሃት እንግዳ ነገር ሲመጣ ብቻ አይወለድም። የለመድነውና የወደድነው ነገር ምን እንደተሸከመ ስናውቅም ይወለዳል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

በመጨረሻው ምሽት መዝገቡን ወደ ጎሬ ይውሰዱት ወይስ ያቃጥሉት የሚለው ቀረ። ሦስቱ እንውሰድ፣ ሁለቱ እናቃጥል አሉ። አንዱ ዳይሱን አነሣ፤ እኔ አስቀመጥሁት። ዳይስ ዕድል ለሚወስነው ነገር ነው፤ ይህ ግን የእነርሱ ምርጫ ነበር። እስኪነጋጋ ተከራክረው መዝገቡን ለመውሰድ ተስማሙ።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን የማቀርበው አሳብም ይኸው ነው፤ አስፈሪ ታሪክ ስትጽፉ ጭራቁን ከመፈለጋችሁ በፊት ገጸ ባሕርያችሁ በምን ላይ እንደፈረመ ጠይቁ።