የእርዳታው መዝገብና እማወራዋ
(ለእርዳታ ሠራተኞችና ለሥራ ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)




በእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ሊኖር ስለሚገባው የወንዶችና የሴቶች እኩልነት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚቀርበው ማስረጃ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነው። ስንት ሴቶች ተቀጠሩ፣ ስንቶቹስ የክፍል ኃላፊ ሆኑ ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥሩ አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋዎች ይህ እኩልነት የሚፈተነው ከሁሉ በፊት በቀበሌው መዝገብ ላይ ነው። የእህሉ ድርሻ በማን ስም ተጻፈ? ፈርሞ የሚቀበለው ማን ነው? ካርዱስ የሚቀመጠው በማን ኪስ ውስጥ ነው?

እንደሚታወቀው የመንዝ ገበሬ ኑሮ በገብስና በበግ ላይ የቆመ ነው። የበልግ ዝናብ ሲቀር ወይም እሸቱን ውርጭ ሲመታው ጎተራው ይራቆታል። እንዲህ ባለ ዓመት የቤቱን ቀዳዳ የምትደፍነው ሴቲቱ ናት። የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ኩበት ጠፍጥፋና አድርቃ ገበያ ታወጣለች፤ ውሃውንም ከሩቅ የምትቀዳው እርሷ ናት። ሆኖም በሬ ጠምዳ ስለማታርስ «ገበሬ» የሚለው ስም አይሰጣትም። ስሙ ስላልተሰጣት ደግሞ መዝገብ ያዡ አያያትም።

በዚህ አገር ሴት መሬት አልነበራትም ማለት ስሕተት ነው። በአማራው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም እንደ ወንድሞቿ በአባቷም በእናቷም በኩል የርስት ተካፋይ ለመሆን መብት ነበራት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት እንዲሰጠው ደንግጓል። ከዚያም አልፎ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ውጭ አድርጓታል። ይህ አስተዋይ አንቀጽ ነበር፤ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ባል የሌላት ሴት በምን ችግር እንደምትኖር የሚያውቁ ይመስላል። ይሁንና የገበሬ ማኅበራቱ የተዋቀሩት በአባወራ ስም ነበር። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር እስከ ቀበሌ ድረስ ቢወርድም፣ የሴቶችን ችግር ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ መመሪያን ወደ ታች ማውረድ አመዝኖበታል።

ከዚህ የተነሣ ድርቅ በመጣ ጊዜ ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1977 ዓ.ም. በገጠመው ታላቅ ረሃብ ጊዜ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከልና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንዲሰፍር ተደርጓል። በዚያ ጥድፊያ ባል ሄዶ ሚስት ቀርታለች፤ እናት ከልጆቿ ተለይታለች። ወደኋላ የቀረችው ሴት እንደ ባለትዳር ተቆጥራ በባሏ ስም ትታለፋለች፤ ባሏ ግን በስፍራው የለም።

ይህን የመንዝ ሴቶች ሁኔታ በሚገባ አጥንተው ካቀረቡት መካከል ሄለን ፓንክኸርስት ይገኙበታል። የሲልቪያ ፓንክኸርስት የልጅ ልጅና የታሪክ ምሁሩ የሪቻርድ ፓንክኸርስት ልጅ የሆኑት እኒህ ሴት በመንዝ ገጠር ከሴቶቹ ጋር ኖረው ያዘጋጁት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1992 በመጽሐፍ ታትሟል። በኋላም በኬር ኢንተርናሽናል የእርዳታ ድርጅት የሴቶች ጉዳይ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ወንድማቸው አሉላ ፓንክኸርስትም በዚያው ዓመት በወለጋ ስለ ሰፈሩት የወሎ ገበሬዎች የጻፉትን መጽሐፍ አሳትመዋል። ሁለቱን መጻሕፍት ሳያነብ በሰሜን ሸዋ ወይም በሠፈራ ጣቢያ የእርዳታ ሥራ የሚመራ ሰው በብዙ ይጎድለዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመንዝ ፍቺ የተለመደ ነገር ነው። ፈት ሴት ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች፤ ወይም ጎጆ ቀልሳ ብቻዋን ትኖራለች። መሬት ቢኖራት በእኩል ታሳርሳለች፤ ምርቱ ለሁለት ሲከፈል የእርሷ ድርሻ ከዓመት ዓመት አያደርሳትም። መዝገቡ ከዓመት በፊት የተሠራ ከሆነ ግን ስሟ አሁንም በቀድሞ ባሏ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እርሱ የአምስት ሰው ራሽን ይወስዳል፤ እርሷና ልጆቿ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ጥፋቱ ያለው በቅጹ ላይ ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2002 የዓለም የምግብ ፕሮግራምን የመሩት ወይዘሮ ካትሪን በርቲኒ እህሉ በሴቶች እጅ እንዲገባ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ከተደረገው የቤይጂንግ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ድርጅቱ ለሴቶች የገባውን ቃል ኪዳን ይፋ አድርጓል፤ በቀጣዩም ዕቅድ የራሽን ካርዱ በሴቲቱ ስም እንዲወጣ ወስኗል። በአማራ ክልልም ቆየት ብሎ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት የጋራ ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበት መሰጠት ጀምሯል። መሬቱ በሁለት ስም ከተጻፈ እህሉ በአንድ ስም የሚጻፍበት ምክንያት አይታይም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና የመንዝና የግሼ ወረዳዎች የታቀፉበት ልማታዊ ሴፍቲኔት በዚህ ረገድ ጥሩ ደንቦችን ይዞ መጥቷል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከአፈርና ውሃ ጥበቃው ሥራ ወጥተው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ፣ በሥራው ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር፣ በምግብ ዋስትና ግብረ ኃይሉም ሴቶች እንዲቀመጡ በመመሪያው ታዟል። መመሪያው ግን ድንጋይ ተሸክማ እርከን ለምትሠራው ሴት ሊነገራት ይገባል። ማርገዟን ለወንድ ፎርማን አፍ አውጥታ የማትናገር ሴት ብዙ ናት፤ ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስሟን ብታስተላልፍ ኖሮ ችግሩ በቀለለ ነበር።

የማደያው ቦታም ሌላ ጉዳይ ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ ባለ አራት ቤተሰብ እማወራ 60 ኪሎ ትቀበላለች። መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ አገር ነው። አህያ የሌላት ሴት ያንን ጭነት በአቀበት የምታወጣው ወይ በሁለት ጉዞ ነው፣ ወይ ለጫኝ ከፍላ ነው፤ ክፍያውም ከዚያው እህል ይወጣል። ሚዛኑ ላይ ሙሉ የነበረው ራሽን ቤት ሲደርስ ጎድሏል።

አሁን ወደ ራሳቸው ወደ ድርጅቶቹ ልንመለስ ይገባል፤ ከላይ የተዘረዘረውን የሚያይ ዓይን የሚገኘው በመስክ ሴት ሠራተኛ ሲኖር ነውና። ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከበጀታቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውጭ የሚመጣ ድርጅቶች ስለ ጾታ እኩልነት እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንሥቷል። በእነዚያ አሥር ዓመታት ብዙ ድርጅቶች ጉዳዩን ከዕቅዳቸው አውጥተው ነበር፤ ዛሬ ግን የሚከለክል ሕግ ባለመኖሩ ምክንያት መደርደር አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳንም ይከለክላል። ሕጉ ይህን ቢልም የውል ዘመኗ በፕሮጀክቱ ማብቂያ የተወሰነ ወጣት ሠራተኛ ማርገዟን ስትደብቅ መታየቱ አልቀረም።

ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ የምትላክ ሠራተኛ መቆለፊያ ያለው ማደሪያ፣ ከመሸ የማያስኬድ የጉዞ ፕሮግራምና አቤቱታዋን ከቅርብ አለቃዋ ውጭ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋታል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መመሪያ የእርዳታ ሠራተኛ በእህል ወይም በአገልግሎት ለውጥ ወሲብ እንዳይጠይቅ ከልክለዋል። ይህ መመሪያ በእንግሊዝኛ በቢሮ ግድግዳ ላይ መለጠፉ አይበቃም። በማደያው በር ላይ በአማርኛ ሊነበብ፣ ማንበብ ለማትችለውም በቃል ሊነገር ይገባል።

በደብረ ብርሃን የመጠለያ ጣቢያዎች ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት መካከል በ1977 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ይገኙበታል። ያ ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ በመዝጋቢ ፊት ተሰልፏል። ባል የሞተባት አለች፤ ባሏ የት እንዳለ የማታውቅም አለች። ለሁለቱም የራሳቸው ካርድ በራሳቸው ስም ሊወጣ ይገባል። ለዚህም አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ በምዝገባው ጠረጴዛ አንዲት ሴት መዝጋቢ ትቀመጥ፤ ቅጹም በየስድስት ወሩ ይታደስ።