ማርሽ ከመግባቱ በፊት

እሁድ ጠዋት በአቃቂ ቃሊቲ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች፣ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍሬን ሸራ በራሱ እጅ የሚቀይር ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ክፍለ ከተማችን እኮ የከባድ መኪና መተላለፊያ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ነው የሚነሳው። እዚህ ፍሬን የሁሉም ጉዳይ ነው።

ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መኪናው በጠንካራ መቆሚያ ይደገፍ፣ መሬት የያዙት ጎማዎችም ታኮ ይደረግላቸው። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የቀረው ሸራ ይቀየር፤ ሲቀየርም የግራና የቀኙ አብሮ ነው። አቧራውን በአፍ አትንፉት፤ በአንዳንድ አሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ አለ። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

እኔን አብዝታ የምታስጨንቀኝ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ያለችው ደቂቃ ናት። አዲሱ ሸራ እንዲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ስለዚህ ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ ባዶ ሆኖ እስከ ወለል ሊወርድ ይችላል። መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግማችሁ ርገጡት፤ የፍሬን ዘይቱንም ልክ እዩ። ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉና፣ እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት ማርሽ አታስገቡ።